ጥላ ልመና

አልታዬ ጠዋት ስትወጣ የመንገዱን ምዕራባዊ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደግሞ ምሥራቃዊውን ዳር ይዛ ነው የምትሄደው። የመልካ ቀርሳ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ዳር ይዞ የሄደ ሰው ጥላው ከመንገዱ ውጭ አፈሩ ላይ ያርፋል፤ መሀል ለመሀል የሄደ ግን ጥላውን ጎዳናው ላይ ያነጥፈዋል። ጎዳናው ላይ ጥላ ማንጠፍ ነውርም ነው፣ ያስቀጣልም። በዚያች ከተማ ሕፃናት ድክ ድክ ማለት ሲጀምሩ ከእናታቸው አፍ አዘውትረው የሚሰሙት ተግሣጽ «ጥላህን ሰብስብ!» የሚል ነው።

ዘመኑ የሁለት ሺህ ስልሳዎቹ ማብቂያ ነው። ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስታወት ነው። ከመስታወቱ ሥር የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። የሌሊቱንና የክረምቱን መብራት የጎዳና ብርሃን ድርጅት ከክምችቱ ያበድራል ተብሏል፤ በበጋ ቀን ግን እያንዳንዱ ሰፈር የሚጠቀመው የራሱ ጎዳና የሰጠውን ነው። ጎዳናው እንዲሰጥ ደግሞ ፀሐይ ልታየው ይገባል።

ስለዚህ አጥሮች ሁሉ እስከ ጉልበት ድረስ ተቆርጠዋል። ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን የውስጥ ልብስ እንደተቀደደ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ዛፍ የለም። በዛፎቹ ፋንታ ጉቶ አለ፤ ጉቶ ጥላው ከራሱ ስለማያልፍ ለመቀመጫነት ተፈቅዷል። ሰላምታም አጥሯል። «እንዴት ነሽ፣ ልጆችሽስ፣ እናትሽስ፣ ያ እግርሽስ ተሻለሽ?» እየተባለ ድሮ ያን ያህል ይረዝም የነበረው ሰላምታ አሁን «ደህና?» «ደህና» ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ በላይ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ጥላ ጥሏል። የሆዱን ማውራት የፈለገ ጉቶ ፈልጎ ይቀመጥ።

ሲነጋ የድርጅቱ ደወል ይደወላል። ያኔ ከየቤቱ መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ የያዘ ሰው ይወጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድርሻ አለው። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ ጠርገውት ቀና ሳይሉ ተመልሶ ይተኛበታል። አልታዬ የራሷን ድርሻ ስትጨርስ የጎረቤቷን ጫፍ ታስነካለች፤ ከዚያ ወዲያ ማዶውንም ታብሳለች። ሰው «ይቺ ሴት መንገዱን ልታገባው ነው እንዴ?» እያለ ያማታል። እሷ ግን የምትጠርገው ለመንገዱ ብላ አልነበረም።

የምትጠርገው ለባሏ ለሽብሩ ነበር። ሽብሩ ጉልምስናውን በሙሉ የሲሚንቶ ብናኝ ሲስብ ኖሮ ሳንባው ተጎድቷል። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን እንኳ ያለ ኦክስጅን ማሽኑ መሄድ አይችልም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ኡኡኡ እያለ አየር ይመግበዋል። አልታዬ ሽንኩርት ስትከትፍም ልብስ ስታጥብም አንድ ጆሮዋ እዚያ ድምፅ ላይ ነው። ሰማዩ ላይ ነጭ የደመና ብጣሽ ብቅ ካለ ሥራዋን አቁማ አንጋጣ ታየዋለች፤ እስኪያልፍም እህል በአፏ አይዞርም። ሽብሩ ከውስጥ ሆኖ «ደመና መጣ እንዴ?» ይላታል። እሷም «ትንሽ ናት፣ እያለፈች ነው» ትለዋለች። በየቀኑ የሚባባሉት ይህንኑ ነው።

አልፎ አልፎ በበጋም፣ በጠራራ ፀሐይም መብራት ይጠፋል። ያኔ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣና ጥፋተኛ ይፈልጋል። ጥፋተኛ ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም። ወይ አንዱ አንሶላ አስጥቶ ረስቷል፤ ወይ አንዱ ባጃጁን አቁሞ ሲጋራ ሊገዛ ገብቷል። መብራቱ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ያ ሰው የእናቱን ስም ጨምሮ ይሰደባል። አልታዬም ከተሳዳቢዎቹ ፊት ነበረች። አንድ ጊዜ ሙሽራ ሳትቀር «ቬሎሽ ሰፊ ነው፣ ሰብስቢው!» ብላ ጮኻባታለች። ከማዶዋ ከልኬለሽ ጋር ደግሞ በአንዲት ዣንጥላ የተነሳ ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል። ልኬለሽ ራሷን አሟት ዣንጥላ ዘርግታ በወጣችበት ደቂቃ መብራት ጠፋ። የሽብሩ ከንፈር ሲጠቁር ያየች አልታዬ ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አታስታውሰውም፤ ልኬለሽ ግን አልረሳችውም።

ለቅሶም ከሰፈር ወጥቷል። ድንኳን ጎዳና ላይ መትከል ስለማይቻል ድርጅቱ ከከተማዋ ዳር፣ ጠጠሩ ላይ የለቅሶ አዳራሽ ሠርቷል። ሐዘንተኛ በተራ ነው የሚገባው። አንዱ ቤተሰብ ውስጥ ሲያለቅስ ሌላው በረንዳ ላይ ተሰልፎ፣ እንባውን ይዞ ይጠብቃል። ተረኛው ሲገባ የቀደሙት ዓይናቸውን እየጠራረጉ በጓሮ በር ይወጣሉ። ሰው ለምዶታል። እማማ ተዋቡ ብቻ አልለመዱትም።

እማማ ተዋቡ የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ። ቤታቸው ከእነ አልታዬ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መሀሉ ያችው ጥቁር ጎዳና ናት። ሲደክማቸው የእድሩን ዳኛ አቶ ደበላን አስጠሩና እጃቸውን ይዘው አስማሏቸው።

«ደበላ፣ እኔን አዳራሽ ወስዳችሁ በተራ እንዳታስለቅሱብኝ። ደጄ ላይ፣ ጎዳናው ላይ ድንኳን ተክላችሁ አልቅሱልኝ። የዚህን ሰፈር ልጅ በየደጁ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስወጣም ከደጄ ልውጣ።»

አቶ ደበላ ማሉ። ያስማሏቸው ሴት ቶሎ የሚሞቱ ስላልመሰላቸው መሐላው ብዙም አልከበዳቸውም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሰው መጥረጊያውን እንደያዘ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። እማማ ተዋቡ አርፈዋል። አልታዬ ጨርቁን መስታወቱ ላይ ትታ ወደ ሟች ቤት ሮጠች፤ ልጃቸውን ሰናይትን አቅፋ አለቀሰች፤ ሬሳው ሲገነዝም አገዘች። ወደ ቤቷ ተመልሳ ለሽብሩ ቁርስ በማቅረብ ላይ ሳለች አቶ ደበላና ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከጉልበት አጥሯ ውጭ ቆሙ።

«ቤቶች!»

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ቆማችሁ?»

«አንገባም ልጄ» አሉ አቶ ደበላ። «ልንለምንሽ ነው የመጣነው። ለልመና መጥተን ገብተን አንቀመጥም።»

«ምን ልትለምኑኝ?»

«ጥላ።»

አልታዬ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ፣ ለእርቅ ሲላክ አይታለች። ለጥላ ሲላክ ያየችው ያን ቀን ነው። ነገሩ ግን ወዲያው ገባት። ድንኳኑ ከተተከለ የሚሸፍነው በሁለቱ ቤቶች መሀል ያለውን ጎዳና ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ቁራጭ መንገድ ነው።

«ጋሽ ደበላ፣ ሽብሩን እያወቁት?»

«ስለማውቀው ነው አንቺ ዘንድ የመጣሁት። ላንቺ ሳልነግር ብተክለው እማማ ተዋቡም ይቅር አይሉኝም። እሺ ካልሽ እንተክላለን። እምቢ ካልሽ አዳራሽ እንሄዳለን፣ መሐላውን እኔ እሸከመዋለሁ። አንድም ሰው ክፉ አይናገርሽም።»

ይህ ነበር የባሰው። ቢያስገድዷት በጮኸች፣ ቢቆጧት በተቆጣች ነበር። ሦስት ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ፊቷ ሲቆም ግን አፏ ተሳሰረ። «አይሆንም» የምትለውን ቃል ስትፈልግ ከመኝታ ቤቱ መስኮት የሽብሩ ድምፅ መጣ። አጥር በሌለበት አገር ምስጢር የለም፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«ይተከል!»

አልታዬ ሽማግሌዎቹን ትታ ወደ ውስጥ ገባች።

«አንተ ደግሞ ማን ጠየቀህ?»

«አልቱ፣ ነይ ቁጭ በይ።» ሽብሩ በሁለት ቃል መሀል እያረፈ ነው የሚናገረው። «ልጃችን ስትወለድ... ደምሽ አልቆም ብሎ... ያተረፉሽ ማን ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው። ታዲያስ?»

«አሁን እዚህ ቆመሽ ‹አይሆንም› የምትይው... እሳቸው ስላተረፉሽ ነው።»

«አንተን ባጣህስ? ለማን ነው የምተርፈው?»

«ባትሪ አለ አይደል።»

«ያ ሽማግሌ ባትሪ? አንድ ድስት ሽሮ እስኪበስል አያደርስም!»

ሽብሩ ፈገግ አለና እጇን ያዘ። አልታዬ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ያንን ፈገግታ ነው፤ ከተፈገገ በኋላ እሱን ማሸነፍ ተችሏት አያውቅም። ጤና ጣቢያ ይሂድ ብላ ስልክ ደወለች፤ አልጋ የለም አሏት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ደጅ ወጣች።

«ትከሉ» አለች።

አቶ ደበላ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊስሙ ሲሉ ከለከለቻቸው። የሰሙት ግን እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ወሬው በጉልበት አጥሮቹ ላይ እየዘለለ ከሰፈሩ ጫፍ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ወደ አልታዬ ቤት መምጣት ጀመረ። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ለክፉ ቀን ያስቀመጣትን ባትሪ ታቅፎ ነው የመጣው። አንዱ የሬዲዮውን፣ አንዱ የልጁን የማጥኛ መብራት፣ የሱቁ ባለቤት ያችን የሚመካባትን ትልቋን። የአልታዬ ሳሎን የባትሪ መጋዘን መሰለ። በመጨረሻ ልኬለሽ ገባች። ባትሪዋን ከሌሎቹ አጠገብ አስቀምጣ ቀና አለች።

«ደህና?» አለቻት።

«ደህና» አለች አልታዬ።

በዚያ ሰፈር ሰላምታ ማለት ይህ ብቻ ነውና ሁለቱም ሌላ አልጨመሩም። የልኬለሽ እጅ ግን ለአፍታ የአልታዬ ትከሻ ላይ አርፎ ነበር።

ባትሪዎቹን ያገናኘው ኢዮብ ነው። ኢዮብ የድርጅቱ የጥላ ተቆጣጣሪ ነው፤ የመለኪያ ዘንጉን ይዞ በየመንገዱ እየዞረ የማን ቆርቆሮ፣ የማን አንቴና ጎዳናው ላይ ጥላ እንደጣለ የሚለካ፣ የሚቀጣ። ሰው ሲያየው ጥላውን ይሰበስባል። እሱም የእማማ ተዋቡ እጅ ላይ የተወለደ ልጅ ነው። ዘንጉን ደጅ አቁሞ፣ የራሱን ባትሪ ይዞ ገባ።

«እትዬ አልታዬ፣ ድንኳኑን ዛሬ አላየሁትም» አለ ሽቦ እያጠማዘዘ። «ነገ አየዋለሁ። ነገ ሥራዬ ነውና እቀጣለሁ። አሁን ይስሙኝ፤ ጎዳናው እንደተሸፈነ መብራቱ ይሄዳል። ማሽኑ ሲጮህ ይህችን ማብሪያ ወደ ታች ይጫኗት፤ ባትሪዎቹ ይቀበሉታል።»

«እስከ መቼ?»

«ቀብሩ አልቆ፣ ሰው እህል ቀምሶ፣ ድንኳኑ እስኪነሳ ይበቃል ብዬ አስባለሁ።»

«ታስባለህ?»

ኢዮብ የመጨረሻዋን ሽቦ አጥብቆ ወጣ።

የእድሩ ድንኳን ከግምጃ ቤት ሲወጣ አይጥ በልቶት ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ነበር። ከዚህ የባሰው ግን የተካዮቹ ነገር ነው። ጎረምሶቹ ድንኳን ተክለው አያውቁም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ ካስማ ሊመቱ ሲሉ መስታወት መሆኑ ትዝ አላቸው። መዶሻ ይዘው ጎዳናው ላይ ተያዩ። በመጨረሻ ሰናይት ጥቁሯን እንደለበሰች ብቅ ብላ «ጉቶዎቹ ላይ እሰሩት» አለቻቸው። ገመዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሚገኙት ጉቶዎች ጋር ታሰረ። አንደኛው ሽብሩ የተከለው፣ አልታዬ ራሷ በመጥረቢያ የጣለችው የማንጎ ጉቶ ነው። ዛፎቹ ከተቆረጡ ወዲህ ለጥላ የዋሉት ያን ቀን ነው።

ድንኳኑ ቀና አለ። ጥቁሩ መስታወት ላይ ሰፊ ጥላ ወደቀ። ሰው በሙሉ በደመ ነፍስ ከጥላው ውስጥ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ሰናይት እያየችው መሆኑን አስታውሶ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባ።

አልታዬ የመኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ጣቷን ማብሪያዋ ላይ አድርጋለች። ዓይኗ ማሽኑ ላይ ነው። ማሽኑ ኡኡኡ ይላል። ከደጅ ሙሾ ይሰማል። ስንት ዓመት ሙሉ ከሰፈር ያልተሰማ ድምፅ ነበር፤ ግን ለእማማ ተዋቡ ለማልቀስ እንኳ ጆሮዋን ከማሽኑ ማንሳት አልደፈረችም።

«ጠፋ?» አለ ሽብሩ።

«አልጠፋም።»

ሙሾው አለፈና ሌላ ተተካ።

«አሁንስ?»

«አልጠፋም አልኩህ። ዝም ብለህ ተንፍስ።»

ሬሳው ወጣ። ሰው ተከትሎት ወደ ቀብር ሄደ፤ አልታዬ ጎረቤቷን በመስኮት ሸኘች። ድንኳኑ ጎዳናውን እንደሸፈነ ነው። ጣቷ ደንዝዞ ሌላ ጣት ተካች። ማሽኑ ኡኡኡ ይላል። ኩሽና ያለው ማቀዝቀዣም ያጉረመርማል። ሰው ከቀብር ተመለሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ዘገነ። ማሽኑ አሁንም ኡኡኡ ይላል። አልታዬ መጀመሪያ «የተጠራቀመ ነው፣ አሁን ያልቃል» ብላ ነበር። ቀጥላ እማማ ተዋቡ ከሰማይ ሆነው ይዘውላት እንደሆነ አሰበች። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ግን አላስቻላትም፤ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ተጣራች።

«ኢዮብ! ኧረ ኢዮብ! ለምንድን ነው የማይጠፋው?»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ኢዮብ ተነስቶ የድንኳኑ ጥግ ላይ ካለው ምሰሶ የድርጅቱን ሳጥን ከፈተ። ሁለት መርፌዎች አሉበት፤ አንዱ ከጎዳናው የሚመጣውን፣ ሌላው ከውጭው መስመር የሚመጣውን ያሳያል። የጎዳናው መርፌ ባዶ ላይ ተኝቷል። የውጭው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኢዮብ ሳጥኑን በእጁ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ከድንኳኑ ወጥቶ ፀሐይ ወዳለበት፣ ጠዋት ተጠርጎ ወደሚያበራው ጎዳና ሄደና ሌላ ሳጥን ከፈተ። እዚያም መርፌው ተኝቷል። ወደ ቀጣዩ መንገድ ሮጠ። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል። የሳጥኖቹ ቁልፍ ሁልጊዜም ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እንዲለካ የታዘዘው ጥላ ስለሆነ መርፌ አይቶ አያውቅም።

ድርጅቱ ጋ ደወለ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው። አንዲት ወጣት አነሳች፤ አንድ ነገር እያኘከች ነበር።

«መልካ ቀርሳ ነው ያልከኝ? መልካ ቀርሳ ከሐይቁ ማዶ ካለው ሜዳ ነው የሚመጣላት። እግር አበጅተውላቸው ከቆሙት ሰሌዳዎች።»

«ጎዳናውስ?» አለ ኢዮብ።

«ጎዳናው ጎዳና ነው።»

«ኃይል አይሰጥም?»

«ኧረ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው ያቆመው። መስታወቱ ተፋቀ፣ ውኃ ገባበት። መኪና እየሄደበት፣ አህያ እየረገጠው፣ አቧራ እየተኛበት ስንት ጊዜ ሊኖር ኖሯል? ከስሌት ወጥቷል።»

«ታዲያ የበጋው መብራት ለምን ይጠፋል?»

«የመስመር ብልሽት ይሆናል።»

«መጥረጉስ? አጥሩስ? ዛፉስ? ስቀጣ የኖርኩትስ?» የኢዮብ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ።

«ደንቡ አልተሻረማ። መሻር የሌላ ክፍል ሥራ ነው። እስኪሻር ያው በደንቡ ትቀጥላላችሁ። ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?»

አልነበረም። ኢዮብ ስልኩን ኪሱ ከተተና የሚቀመጥበት ፈለገ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ አይተያይም ነበር፤ የየራሱን ነገር እያሰበ ነው። አንሶላ ያስጣውን፣ የተሳደበውን፣ የቆረጠውን ያስባል። ሳቁን የጀመረችው ሰናይት ናት። የሐዘኑ ባለቤት እሷ ናትና ሌላ ሰው ቢስቅ ነውር በሆነ ነበር። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሏቸው ሁለት ሴቶች ሊይዟት ተነሱ።

«እማዬ!» አለች እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ። «እማዬ ኖራ ይህን ብታይ! ሞታ ነው ያሳየችን!»

አቶ ደበላ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከዚያ የሱቁ ባለቤት ፈነዳ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ።

አልታዬ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ነበረች። ጣቷን ከማብሪያዋ ለማላቀቅ ሌላኛው እጇ ማገዝ ነበረበት። ማልቀስ ጀመረች፤ ለእማማ ተዋቡም አለቀሰች፣ ለማንጎውም አለቀሰች፣ ቬሎዋን ሰብስባ ለሮጠችው ሙሽራም አለቀሰች። አብዛኛው ግን ደስታ ነበር። ባሏ እስትንፋሱን ከዚያ መንገድ አልነበረም የሚቀበለው። በሰው ጥላ፣ በጎረቤት ዣንጥላ፣ በአንዲት የደመና ብጣሽ የሚቋረጥ አልነበረም። ስታንጋጥጥ የኖረችበት ሰማይ ምንም ሊያደርጋት አይችልም ነበር። ደረቷ ላይ ዓመታት ሙሉ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ የሄደ መሰላት።

«ተነሽ እንጂ» አለ ሽብሩ። «ለቅሶ ልድረስ።»

ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ተፈለገ። ማሽኑ በጎረምሶች ትከሻ ወጣ። ሽብሩ በአልታዬ ክንድ ተደግፎ አጥሩን ተሻገረና ጎዳናው መሀል፣ ድንኳኑ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰናይት ልትቀበለው ተነሳች። ሌሎችም ተከተሉ። መንገዱ ላይ፣ እዚያው መሀሉ ላይ ቆመው «እንዴት ነህ?» አሉት። «ልጅህስ? ደወለች? ባሏስ? እግርህን ያምህ ነበር፣ ተወህ? እንቅልፉስ?» ሽብሩ ትንፋሽ እያጠረው ለእያንዳንዱ መለሰ። ማንም «ደህና» ብሎ አላለፈም። ልኬለሽም መጣች፤ አልታዬን አቅፋ ራስ ምታቷን ከመጀመሪያው ጀምራ አወራችላት። አልታዬም ሰማቻት።

በሦስተኛው ቀን እንደ ወጉ ድንኳኑ ተነሳ። በማግስቱ ሲነጋ ደወሉ ተደወለ። አንዳንዱ ሰው መጥረጊያውን ይዞ ወጣ፤ ከልማድ ይሁን ከፍርሃት እሱም አላወቀውም። የአልታዬም እጅ በራሱ ወደ መጥረጊያው ሄዶ ነበር፤ ይዛው ትንሽ ቆመችና ከበሩ ጀርባ መለሰችው። ከሰዓት ድርጅቱ ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ በስልክ መልእክት ላከ። ጎዳናውን በንጽሕና ስለያዙ አመስግኖ፣ ጥላቸውን እንዲሰበስቡ ያሳስባል። ኢዮብ መልእክቱን አንብቦ የመለኪያ ዘንጉን ለሰናይት የልብስ ማስጫ ገመድ ምሰሶ እንዲሆን ሰጣት። ደንቡ እስካሁን አልተሻረም። የሚቀጣ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሰፈሩ አልመጣም።

አልታዬ ያን ከሰዓት ማንጎ ጉቶው ላይ ተቀምጣ ከልኬለሽ ጋር ምስር ትለቅም ነበር። ልኬለሽ ያችኑ ዣንጥላ ዘርግታ ለሁለት ይዛዋለች። ጥላው ጎዳናው ላይ ወድቋል። ወሬው ደርቶ ሳለ ከምሥራቅ በኩል አየሩ ቀዘቀዘ፤ መስታወቱ ላይ ጨለማ እየተጎተተ መጣና እግራቸው ሥር ደረሰ። ልኬለሽ ዣንጥላዋን አጠፈች። አልታዬ አንዲት ጠጠር ከምስሩ መሀል አውጥታ ወረወረችና ያቋረጠችውን ወሬ ቀጠለች።

«አልቱ!» አለ ሽብሩ ከውስጥ። «ደመና መጣ እንዴ?»

«እንጃ» አለች። «አላየሁም።»